መጋዙና ሲካዳዎቹ

ሜይ 6

ባቄላ ቀቀልኩ፣ የበቆሎ ዳቦ ጋገርኩ። ክሊተስ ዳቦው ደርቋል ብሎ ሳህኑን ከግድግዳ ጋር አላተመው። ወንድሜ ነው። አባታችን እርሻውን ለሁለታችን ትቶ ከሞተ ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር ነን።

ከኦክ ዛፉ ሥር መሬቱ በጣት የተወጋ ይመስል ተበሳስቷል። ሲካዳ የሚባሉት ጯሂ ነፍሳት ሊወጡ ነው... አሥራ ሰባት ዓመት አፈር ውስጥ ሥር ሲመጠምጡ ኖረው፣ ዘንድሮ ተራቸው ደረሰ።

ሜይ 9

"ዘንድሮ ችግኝ አትትከል፣ ለጋ ቅርንጫፍ ሰንጥቀው ነው እንቁላል የሚጥሉት" ብዬው ነበር። እሱ ግን ማርች ላይ ሦስት መቶ የአፕል ችግኝ ተከለ። "ለነፍሳት ብዬ እርሻዬን ላቁም?" እርሻዬ! የኔ ድርሻስ?

ዛሬ እንዳያርፉባቸው የችግኞቹን ረድፎች ብቻዬን መረብ ሳለብስ ዋልኩ። እሱ በረንዳ ላይ ቢራውን ይዞ ያየኛል።

ሜይ 17

ወጡ። አመሻሽ ላይ መሬቱ ተንቀሳቀሰ። ግንዱን፣ አጥሩን፣ የቤቱን ግድግዳ ወረሩት። ቆዳቸውን ቀደው ነጭ ሆነው ይወጣሉ፣ ከዚያ ይጠቁራሉ።

ክሊተስ በአካፋ ጨፈጨፋቸው። እየሳቀ... ቦት ጫማው እስኪረጥብ። ደክሞት ሲያቆም ግን የቀነሰ ነገር የለም። ይሄ ነው ያሳበደው።

ሜይ 26

የሲካዳዎቹ ጩኸት ተጀመረ። ጎን ለጎን ቆመን አንሰማማም። ምሳ ላይ "አንቺ! ዝም አሰኚልኝ!" አለኝ ጆሮዬ ሥር መጥቶ።

"በምን? ልለምናቸው?"

አፌን በቡጢ መታኝ። ጮህኩ። የራሴን ጩኸት አልሰማሁትም። ጎረቤታችን ሚስ ሎና ከአጥሩ ማዶ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። እንዴት ትስማ? ማንም እንደማይሰማኝ ዛሬ እሱም ገባው።

ሜይ 27

እንደገና።

ጁን 2

ዛሬ እኔም መታሁት። በአካፋ፣ ትከሻውን። ደስ አለኝ። ምን ሆኛለሁ?... ደስ አለኝ እኮ ነው የምለው።

ጁን 4

ልጻፈው።

የሞተር መጋዙን ይዞ ወጣ። "ኦኩን እጥለዋለሁ! ቤታቸውን ነው የማፈርሰው!"

"መጋዙን አታስነሳ ክሊተስ! የሞተር ድምፅ ሲሰሙ የራሳቸው ወገን የጠራቸው ይመስላቸዋል!"

"ዞር በይ!" ገፍትሮ ጣለኝ። አስነሳው።

መጡበት። ጀርባውን፣ ፀጉሩን፣ ፊቱን አለበሱት። ዓይኑ ላይ ያረፈውን ሊያባርር አንድ እጁን ከመጋዙ አነሳ። መጋዙ ዘለለና ጭኑ ውስጥ ገባ።

አፉ ሲከፈት አየሁ። ድምፅ የለም፤ የእነሱ ብቻ። ደሙ ይፈልቃል።

ቆሜ አየሁት። ምን ያህል እንደቆምኩ እንጃ። ማን ያየኛል? ዝም ብል ያልቅለታል... እውነቴን ነው፣ እንደዚያ አሰብኩ።

ከዚያ ችግኞቹ ላይ ያለውን መረብ በቢላ ተርትሬ ጭኑን አሰርኩ። እንጨት አስገብቼ ጠመዘዝኩት። ሲካዳዎቹ ደሙ ላይ ይሄዳሉ። ሚስ ሎና ቤት ሮጬ አምቡላንስ አስጠራሁ።

ጁን 5

እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ይተርፋል። አላለቀስኩም።

ጁን 29

ሲካዳዎቹ ዝም አሉ። ግቢው ሁሉ ሬሳቸው ነው፤ ዝቄ ዝቄ አልጨርሰውም። ሽታው! እንቅልፍ ግን ተኛሁ።

ኦገስት 3

ክሊተስን ዛሬ የአክስታችን ልጅ በመኪናው ከሆስፒታል አመጣው። በክራንች እየተደገፈ በረንዳው ላይ ወጣ።

"ችግኞቼስ?"

"አንዱ ረድፍ ደርቋል። መረቡ የተቀደደበት። ሌላው ደህና ነው።"

"መረቡን ለምን ቀደድሽው?"

ቀልድ መሰለኝ... አይደለም። ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የጠየቀኝ።

"እቃህን ሸክፌዋለሁ" አልኩት። "ከአክስታችን ልጅ ጋር ትሄዳለህ። ድርሻህ ድርሻህ ነው፣ ከምርቱ እልክልሃለሁ። እዚህ ቤት ግን አታድርም።"

"ከአባቴ ቤት? አንቺ?" ክራንቹን አነሳ።

አልሸሸሁም። ፊቴንም በእጄ አልጋረድኩም።

"ደምህን ያቆምኩት እንዳትሞት ነው እንጂ አብረን እንድንኖር አይደለም" አልኩት።

ክራንቹ አየር ላይ ቆየ... ቆየና ወረደ። ሁለቱን ሻንጣዎች እኔው ተሸክሜ መኪናው ውስጥ አስገባሁለት።