በክርን የተሸጡት ላሞች

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ አርዲስ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የአሪዞና ሐሩር አላቀለጠሽም? ባልሽ መርሊንስ ሳሉ ለቀቀው? እኛ እዚህ ከነማርቪስ፣ ከነከብቱ፣ ከነአፍ መሸፈኛችን ደኅና ነን።

ይህን ጽሑፍ ስታዪ እንደ ድሮው ሚስቴ ማርቪስ የጻፈችልኝ እንዳይመስልሽ። በገዛ እጄ ነው! ወረርሽኙ ሳይገባ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የማታውን የፊደል ትምህርት ከሁሉ ቀድሜ ጨረስኩ። አስተማሪዋ «ዌንደል፣ እንዳንተ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም» ብላኛለች፤ አመስግና ይሁን ተማርራ አልጠየቅኳትም።

ወሬዬ እንዲህ ነው። በጸደይ ወረርሽኙ ትምህርት ቤቱንም ምግብ ቤቱንም ሲያዘጋ፣ ፋብሪካው ወተታችሁን አልቀበልም አለን። ላም ደግሞ ወረርሽኝ አታውቅም፤ ጠዋትና ማታ ካልታለበች ትጮኻለች። እያለብኩ ፍግ ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት። አባታችን ቢያይ ኖሮ እኔንም አብሮ በደፋኝ! መንግሥት ለገበሬው ድጎማ ሊሰጥ ነው ቢባልም ሳምንት ሳምንትን ወለደ እንጂ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። መኖውም ተስፋዬም ሲያልቅ፣ ለከብት ነጋዴው ለዱዌን «ጥገቶቹን ሁሉ ውሰዳቸው» አልኩት። ጊደሮቹን ብቻ አስቀረሁ።

እንደምታውቂው በእኛ ወረዳ ከብት የሚሸጠው በመጨባበጥ ነው፤ ከተጨባበጠ በኋላ ቃሉን ያጠፈ ሰው ነውሩ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ዘንድሮ ግን ማን ይጨባበጣል? ክርን ለክርን ተነካክተን ተለያየን። ገና ላሞቹን ሳይጭን፣ በማግስቱ የመንግሥት ድጎማ ባንክ ገባልኝ! ላሞቹን በሙሉ የበረዶውን ክረምት የሚያሻግር መኖ ይገዛል።

ከዚያ ወዲህ መቀመጫ አጣሁ። ይህችን ደብዳቤ እንኳ ስንቴ ጥያት ወደ በረት ሄጄ መጣሁ። ለማርቪስ «ክርን እጅ አይደለም፤ ሽያጩ ፈርሷል» ብላት፣ «ታዲያ ክርንህ የማን እጅ ላይ ነው የበቀለው?» አለችኝ። ዱዌን ዘንድ ሄጄ ያንኑ ብለው ከት ብሎ ሳቀ። የወተት ዋጋ አንሰራርቷልና ላሞቹን አጥብቆ እንደሚፈልጋቸው አውቃለሁ። ግን «አባትህን አውቀው ነበር፤ ከልጁ ጋር አልካሰስም። ቅዳሜ መኪናዬን ይዤ እመጣለሁ። ክርንህን ከሰጠኸኝ ባዶዬን እመለሳለሁ፤ እጅህን ከሰጠኸኝ እጭናለሁ» አለኝ። ምነው ሰድቦኝ በሆነ!

ቅዳሜ ነገ ናት። አሁን ከበረት መመለሴ ነው። ያቺ ግንባረ ቦቃ፣ አያቷን አንቺ በጡጦ ያሳደግሻት፣ ጆሮዋን አቁማ አየችኝ፤ ዘወር ብዬ ወጣሁ። እትዬ፣ በሁሉ ነገር እቀልዳለሁ፤ በዚህ ግን አልችልም። ነገ እጄን እሰጠዋለሁ። ድጎማው ለጊደሮቹ መኖ ይሁን፤ እስኪወልዱ በረቱ ጭር ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የላም ጩኸት ነው። ማርቪስ «እንግዲህ ፀሐይ እስክትሞቅ ትተኛለህ» ትለኛለች። እንዴት ነው የሚተኛው? ከእርሻው ከወጣሽ ወዲህ ለምደሽው እንደሆነ ጻፊልኝ።

መርሊንን «ከሳልህ እግዜር ይማርህ» ብሏል በዪልኝ። ለልጅሽ ለኮሪን፣ አጎትሽ በራሱ እጅ ጻፈ ብለሽ አሳዪያት፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ጠረጴዛው ነው በዪ። ሰው ለማታስገባዋ ውሻሽ ሳይቀር ሰላምታዬ ይድረስ። ማርቪስም ሰላም ብላሻለች።

ወንድምሽ ዌንደል
ሜፕል ክሪክ፣ ዊስኮንሲን
ዓርብ፣ ኦገስት 14 ቀን 2020