መኪና የማይስማማት ልጅ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

«መኪና አይስማማትም» አልኩ። ከአፌ ወጣ፣ አለቀ። ቲቸር ሃያት እስክሪብቶዋን አነሳችና ከልጄ ከሰሚራ ስም ትይዩ አንድ ነገር ጻፈች። «ውይ የኔ እናት፣ ሳላውቅ!» አለቻት። ሰሚራ ቀና አላለችም፤ ጫማዋን ታያለች።

ልጄን መኪና ምንም አድርጓት አያውቅም። ባቲ ስንሄድ ያንን ቁልቁለት ሁሉ እየዘፈነች ነው የምትወርደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስተኛ ክፍሎች በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ደሴና ሐይቅ ይሄዳሉ። ሁለት ሌሊት ያድራሉ፣ እሑድ ይመለሳሉ። ክፍያው 3,200 ብር ነው። ይሄ ትምህርት ቤቱ የላከው ወረቀት ላይ ያለው ነው። ወረቀቱ ላይ የሌለው ደግሞ፦

ብርድ ልብስ (ደህናው አንድ ነው፣ እሱንም ሦስታችን ነን የምንጎትተው)
ቱታ
ጫማ፣ ያሁኑ አፉን ከፍቷል
ስንቅ
የኪስ ብር፣ ሌሎቹ ለስላሳ ሲገዙ ቆማ እንዳታይ

ቦርሳዬ ውስጥ 1,700 ብር አለ። ደመወዝ እስኪወጣ የምንበላው እሱን ነው። ባለቤቴ አህመድ ጎሚስታ ነው፣ አስፋልቱ ዳር ጎማ ይለጥፋል። ባለፈው ወር ጎማ መንፊያው ኮምፕረሰር ተቃጠለና ማሠሪያው ያለንን ጠራርጎ ወሰደው፤ የጆሮ ወርቄ ሳይቀር።

እና የለኝም ማለት አቃተኝ። ከኋላዬ አራት እናቶች ቆመዋል። እኔ የዞን መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ በቢሮ ልብሴ፣ ቦርሳ አንጠልጥዬ፣ ምን ብዬ? ሰው ይሉኝታ ይለዋል። እኔ ዛሬ እብደት ብዬዋለሁ።

ቤት ስንገባ «እማ፣ ምንም አይደል» አለችኝ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

አህመድ ሲሰማ ሳቀ። «እውነቱን ብትነግሪያትስ?»

«አንተ ብትሆን ትነግራት ነበር?»

ትንሽ አሰበ። «እኔማ ሆዷን ያማታል እል ነበር።»

አብረን ሳቅን። ከዚያ ተነስቶ መፍቻዎቹን መጥረግ ጀመረ፤ ሲጨንቀው እንዲህ ነው።

ከመግሪብ በፊት ጎረቤታችን አደ ከድጃ መጡ። የልጅ ልጃቸው ከሰሚራ ጋር ነው የሚማረው። በሻሽ የተቋጠረ ሎሚ አመጡልኝ። «ሰማሁ፣ ኢንተላ ኮን፣ ልጄን፣ መኪና ይጥላታል አሉ። ሎሚውን እያሸተተች ትሂድ። ረኮን ህንጅሩ፣ በአላህ ፈቃድ ያልፋል።» ችግር የለም ማለታቸው ነው፤ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ መች አወቁ! ሎሚውን ተቀብዬ መረቅኳቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔው እያደር ከበደ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ቢሮው ውስጥ የሚነድ ሙቀት ነው። ለአንድ ባለጉዳይ የሌላ ሰው ፋይል ሰጥቼው ግማሹን አንብቦ መለሰልኝ። «የኔ እህት፣ እኔ ጡረታ አልወጣሁም» አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ አልጮኸብኝም።

የተጓዦቹ ዝርዝር ማክሰኞ ቀን ይዘጋል። ብር ከየት? አለቃዬ፦ አይሆንም፣ በማግስቱ ቢሮው ሁሉ ይሰማል። ዕቁብ፦ የኔ ተራ ሐምሌ ነው። ወንድሜ፦ ጨፋ ሮቢት እህል ይነግዳል፣ እጁም ለጋስ ነው። ቅዳሜ ሰሚራን ይዤ እሄዳለሁ። ለወንድሜ እንኳ እውነቱን እነግረዋለሁ። ወላሂ እነግረዋለሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ትዕግስት መጣች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከሰሚራ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ናቸው። በር ላይ ቆመው ያወራሉ፣ እኔ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ።

«ታዲያ ማታ ከማን ጋር ነው የማወራው?»

«ከሌሎቹ ጋር አውሪ።»

«ሎሚ ያዢና ነይ።»

«ያስታውከኛል እያልኩሽ! አትሰሚም?» አለቻት። እንዲህ ተቆጥታት አታውቅም።

ትዕግስት ኩርፍ ብላ ሄደች። ሰሚራ ገብታ የሒሳብ ደብተሯን ከፈተች። ዓርብ ማታ ሒሳብ የሚሠራ ልጅ ማን አለ? ለብቸኛ ጓደኛዋ ዋሸች፤ ያውም የኔን ውሸት። ላናግራት ፈለግኩ። ዕቃ አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ይሄን ቶሎ ልጻፈው፣ ካልሆነ አልጽፈውም።

ሚኒባሱ ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው ቲቸር ሃያት ገባች። ቤተሰቦቿ ጨፋ ናቸው ለካ። ሰላም አለችን፣ ከፊታችን ተቀመጠች። ሰሚራ አንዴ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ጣለች።

መኪናው ከከሚሴ ሳይወጣ በሻርፗ አፏን ያዘች። ዓይኗን ጨፈነች። ቲቸር ዞራ «አመማት?» አለች። እኔ ምንም አልመለስኩም። ምንም! ረዳቱ ፌስታል አቀበለ። ከጎናችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ የመስኮት ቦታቸውን ለቀቁላት። ሁሉም «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላታል። ቲቸር መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላ ዞራ ጀርባዋን ስታሻት ነበር። እኔ እናቷ የልጄን ግንባር ይዤ የሌለ በሽታ አስታምማለሁ።

ወረድን። ቲቸር ተሰናብታን ራቅ እስክትል ሰሚራ ጎንበስ ብላ ቆየች። ከዚያ ቀና አለችና ላቧን ጠረገች።

«እማ፣ ጥሩ አድርጌ አስመሰልኩ?»

መመስገን እንደምትፈልግ ልጅ ነው የጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት። አዎ አልኳት!

ወንድሜ ሱቁ በር ላይ ነበር። «ምን እግር ጣለሽ?» አለኝ። «ናፍቀኸኝ ነው» አልኩት። ምሳ በላን። ማሽላ በማዳበሪያ ሰጠኝ። ስለ ብሩ ትንፍሽ ሳልል ተመለስኩ። ወላሂ ብዬ ነበር ሐሙስ ዕለት። አስተግፊሩላህ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

እንቅልፍ የለም። ለአህመድ ስለ ሚኒባሱ ነገርኩት። አልሳቀም። «የኔ ጥፋት ነው፣ ኮምፕረሰሩ...» ሲል ጮህኩበት። ኮምፕረሰር ልጅ አያስዋሽም! እሱ ደግሞ «ታዲያ ሂጂና ንገሪያት፣ እኔ ላይ ምን ያስጮህሻል» ብሎ ወጣ። ሐቁን ነው፤ ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

ከሰዓት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሁለት ጎማ ፈንድቶበት አህመድ ጋ መጣና ሲያስጠግን ዋለ። አህመድ 600 ብር ይዞ ገባ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

አሁን የሚያንገላታኝ ደሴ መሄድ አለመሄዷ ብቻ አይደለም። ባትሄድ እንኳ ታማለች ተብላ አትቅር። አጥተን ትቅር። ነገ እነግራታለሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ከቢሮ አስፈቅጄ ሄድኩ። የትምህርት ቤቱን በር ሁለት ጊዜ አለፍኩት። ሦስተኛው ላይ ዘበኛው «የጠፋብሽ ነገር አለ?» ሲለኝ ገባሁ።

ቲቸር ብቻዋን አልነበረችም። ሌሎች ሁለት መምህራን ደብተር ያርማሉ። ይውጡልኝ ልል አልኩና ተውኩት። «ሰሚራን መኪና ምንም አያደርጋትም። ብር አጥቼ ነው የዋሸሁት» አልኩ። በአንድ ትንፋሽ።

ቲቸር ቀና ብላ አየችኝ። ምን እያሰበች እንደሆነ ገባኝ። «የሰሚራ እናት፣ ታዲያ ቅዳሜ ዕለት?»

ይሄን ነበር የፈራሁት። «እኔን ላለማዋረድ ነው። እኔ ነኝ ያስዋሸኋት።»

አንደኛው መምህር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቲቸር ወንበር ሳበችልኝ። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ደመወዝ ሲወጣ መክፈል ይቻላል አለችኝ። ዘጠኝ ወላጆች እንደዚያ ነው የከፈሉት። «በይፋ ብንናገር ሁሉም ግማሽ ይላል፣ አውቶቡሱም አይነሳም። ለጠየቀን ብቻ ነው የምንነግረው።»

ለጠየቀን! ግማሹ 1,600 ብር ነው። ያን ዕለት ቦርሳዬ ውስጥ 1,700 ነበር። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። አሁን የቀረኝ ከአህመድ 600 ጋር ተደምሮ 1,750 ነው፤ 1,600ው ከተከፈለ በቀረችው 150 እና በወንድሜ ማሽላ እስከ ደመወዝ እንንፏቀቃለን። ቲቸር «ሰሚራ ነገ ብሩን ይዛ ትምጣ፣ ያን ጊዜ እመዘግባታለሁ» አለች።

እየሮጥኩ ነው ቤት የደረስኩት። ሰሚራ ትዘላለች ብዬ ነበር። አልዘለለችም።

«ቲቸር አወቀች? ሚኒባስ ውስጥ ማስመሰሌን?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ለምን ነገርሻት! በምን ዓይኔ ነው የማያት? አልሄድም።» ተሸፋፍና ተኛች።

በምን ዓይኔ አለች። የኔው ቃል፣ የኔው ድምፅ። ከወርቄ ቀድሞ ይሄን ነው ያወረስኳት። ብሩ ተገኘ፣ ልጅቷ ጠፋች።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ጠዋት 1,600ውን ፖስታ ውስጥ አድርጌ እጇ ላይ አስቀመጥኩት። «ወይ ትሰጫታለሽ፣ ወይ መልሰሽ ታመጪዋለሽ። በሁለቱም አልቆጣም» አልኳት። አብሬሽ ልምጣ? አይሆንም አለች። ከበር ላይ ሆኜ እስክትታጠፍ አየኋት። እንደወትሮው አልሮጠችም።

ቢሮ ምን እንደሠራሁ አላውቅም። አንድ ፋይል ሦስት ጊዜ አውጥቼ ሦስት ጊዜ መለስኩ። በሻሂ ሰዓት ተነስቼ ትምህርት ቤት ልሄድ አልኩና በረንዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰባት ሰዓት አልደርስ አለ።

ለምሳ ስገባ ቀድማኝ ደርሳ ቆማ ትበላለች።

«ፖስታው?»

«ሰጠኋት።»

«ምን አልሻት?»

ጉርሻዋን ዋጠች። «እናቴ አፍራ ዋሸች፣ እኔ ደግሞ እናቴ እንዳታፍር ብዬ ዋሸሁ አልኳት።»

«እሷስ?»

«ምንም። ስሜን ጻፈች።»

ይሄው ነው። እጇን ታጥባ ለትዕግስት ልትነግራት እየሮጠች ወጣች። እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከደስታ ይሁን ከሐፍረት አልለየሁትም። ጫማው ገና ነው፣ ቱታውም ገና ነው፣ ቀሪው ግማሽም ደመወዙን እየጠበቀ ነው።

ቢሮ ግማሽ ሰዓት አርፍጄ ገባሁ። ማንም ለምን አላለኝም። ቢጠይቁኝ እውነቱን ልነግራቸው አስቤ ነበር።