ፀሐይ ያየው ቱቦ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ቱቦው ጠንክሯል። እንደ ቀንድ። በሁለት እጄ ልዘረጋው ስሞክር እጥፋቱ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ።

አራት ሰዓት ገደማ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ያሬድ ስብሰባ ሄዷል፤ ላብራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ሳተላይት ላይ ሊጫን አርብ የሚላከው የጨርቅ ቱቦ ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ፎቶ ላነሳው አማረኝ። ለሰው ላሳይ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። በቢጫው አምፖል ፎቶ አያምርም። የመስኮቱን ጥቁር መጋረጃ ለአንድ ደቂቃ ብዬ ገለጥ አደረግኩት። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዳነሳሁ ስልኬ ጠራ፤ እህቴ ናት። ድምፅዋ ሲቆራረጥብኝ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ወሬ ያዝን። ስመለስ ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች።

መጀመሪያ ያደረግኩት መጋረጃውን መመለስ ነው። ቀጥዬ ፎቶዎቹን አጠፋሁ። ይኼንን እዚህ እንኳ ልጻፈው።

ያሬድ ከሰዓት መጥቶ ቱቦውን አገላበጠው። አልተናደደም። ወንበር ሳይፈልግ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሁለት ዓመት ሠርተንበታል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አለቃችን ዶክተር ግርማ ሰበሰቡን። አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ በሚያመጥቃት ትንሽ ሳተላይት ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ ሰጥቶናል፤ ሳጥኑ አርብ ካልወጣ ቦታው ለሌላ ይሄዳል። ብርሃን ነክቶታል አሉ ዶክተር። ትናንት ጧት እዚያ ክፍል ማን ገባ?

እኔ ነኝ የመለስኩት። ጧት ወይዘሮ ዘነበች ሲያጸዱ ነበር አልኩ። እውነት ነው፤ ሁለት ሰዓት ላይ አጽድተው ወጥተዋል። አንድም የውሸት ቃል የለበትም።

ተጠሩ። ቢክዱ ኖሮ እናገር ነበር እያልኩ ራሴን ስሸነግል ዋልኩ። አልካዱም። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩና፣ “ስወለውል ነክቼው ይሆናል። አላስታውስም” አሉ።

ዶክተር ግርማ በትህትና ነው ያናገሯቸው። ነገሩ እስኪጣራ እቤት ይቆዩ አሏቸው። ሽርጣቸውን አጣጥፈው ወንበር ላይ አስቀምጠው ወጡ። እኔን አላዩኝም፤ ወይም እኔ ነኝ ያላየኋቸው።

ያሬድ ግን አልተዋጠለትም። ሴትየዋ ጠንቃቃ ናቸው፣ ምናልባት ጨርቁ የተነከረበት ሙጫ፣ ሬዚኑ፣ ራሱ ተበላሽቶ ይሆናል አለ። ሊመረምረው ጀመረ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ያሬድ ዛሬም ሬዚኑን ሲፈትሽ ዋለ። ከየጣሳው ጠብታ እየወሰደ ይመዝናል፣ ብርሃን ያበራበታል፣ ይጽፋል። ሬዚኑ ምንም አልሆነም። እኔ ደግሞ ኮምፒውተሬ ላይ አፍጥጬ የምሠራ መሰልኩ።

ትዝ ያለኝን ልጻፍ። ዓምና ነው፤ ወይዘሮ ዘነበች ይኼ ክፍል ለምን ይጨልማል ብለው ጠየቁኝ። ጥርስ አስሞልተው ያውቃሉ ወይ አልኳቸው። ሐኪሙ ለስላሳውን ነገር ጥርስዎ ላይ ያደርግና ሰማያዊ መብራት ሲያበራበት ይደርቃል አይደል? የኛም እንደዚያ ነው። ጨርቁን በሬዚን ነክረን እናጣጥፈዋለን፤ ጠፈር ላይ ሲደርስ በጋዝ ይነፋል፣ ይዘረጋል፣ ከዚያ ፀሐይ ራሷ ታጠነክረዋለች። ብረት ተሸክሞ መውጣት ቀረ፤ አንቴና የሚሸከም ምሰሶ እዚያው ይቆማል። ታዲያ እዚህ ፀሐይ ካየው አለቀለት።

ትንሽ አሰቡና፣ ሊጥ ማለት ነው፣ ያለ ቦታው እንዳይጋገር ነው የምትጠብቁት አሉኝ። በማግስቱ ከቤታቸው የልብስ መቆንጠጫ አምጥተው የመጋረጃውን ጠርዝ ዙሪያውን ያዙት። ሰኞ ጧት አንድ በአንድ የፈታሁት እሱን ነው።

ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ለያሬድ ነገርኩት። ኡራኤል ጋ ያለችው ካፌ፣ ማኪያቶ አዝዘን። ቀላሉ እሱ መስሎኝ ነበር።

ስጨርስ ማኪያቶውን ወደ ጎን ገፋው። ከዚያ፣ “ሰኞ ብትነግሪኝ ኖሮ ሰኞውኑ ሌላ እንጀምር ነበር” አለኝ። በቃ ይኼው ነው። አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ደህና ሬዚን ሲመረምር ዝም ብዬ አይቼዋለሁ። ቱቦውን ያበላሸው የአንድ ስልክ ጥሪ ነው፤ ጊዜውን የበላሁት ግን አስቤበት ነው።

ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። እኔ ቀጥታ ዶክተር ግርማ ጋ ገባሁ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከፕሮጀክቱ ኃላፊነት አነሱኝ፤ በያሬድ ሥር ትሠሪያለሽ አሉኝ። ለዩኒቨርሲቲው ትንሽ ቀን ጨምሩልን ብለው እያየኋቸው ጻፉ። ወይዘሮ ዘነበችን እኔ ደውዬ እጠራቸዋለሁ ሲሉኝ፣ ለነገ ያቆዩልኝ፣ መጀመሪያ እኔ ልሂድ አልኳቸው።

አርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ቂርቆስ መንደሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጠይቄ ጠይቄ ደረስኩ። ወይዘሮ ዘነበች በረንዳ ላይ ልብስ ያሰጣሉ።

ሳልቀመጥ ተናገርኩት። መጋረጃውን እኔ ነኝ የገለጥኩት፣ እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት አልኳቸው። በመንገድ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበር፤ ጠፋኝ።

በእጃቸው የያዙትን አንሶላ ሳያሰጡ ቆሙ።

“ሦስት ቀን ሙሉ እጄን ስጠራጠር ከረምኩ” አሉ። “አረጀሁ፣ የማደርገውን አላውቅም ማለት ነው ብዬ። ምድጃውን እንኳ አጥፍቼው ይሆን እያልኩ እየተነሳሁ አየዋለሁ።”

ይቅርታ አልኳቸው። ሰማሁሽ አሉ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። እንድቀመጥም አልጋበዙኝም። ልወጣ ስል ብቻ፣ ነገርየው ሰማይ ይወጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ።

ካዛንቺስ እስካለው ላብራቶሪያችን በእግሬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከዩኒቨርሲቲው መልስ መጥቷል። እስከ ረቡዕ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ቃል አይገቡም። የተረፈን ጨርቅ ግማሹን ርዝመት ብቻ ያወጣል። አየር በሚመጠጥበት ታንክ ልንፈትነው ጊዜ የለንም። ሳይፈተን መላክ ወይም መተው።

ወይዘሮ ዘነበች ለዶክተር ግርማ ሰኞ እመለሳለሁ ብለዋቸዋል። ሌላውን ፎቅ አጸዳለሁ፣ እዚያ ክፍል ግን አልገባም ብለዋል። ዶክተር እሺ አሉ። ምን ይበሉ?

ስለዚህ ዛሬ ወለሉን እኔ ወለወልኩ። ያሬድ ከሐሙስ ጀምሮ ከሥራ ውጪ አላናገረኝም። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ጨርቁን ለብቻው ለመዘርጋት ሲታገል፣ አንዱን ጫፍ ሲይዝ ሌላው እየተጠቀለለበት፣ ባልዲዬን ይዤ ቆሜ አየሁት። ቀና አለ።

“ጓንት አድርጊና ያዢልኝ” አለኝ።

ያዝኩለት።