ከዳሱ የሚወርደው ዱቄት

ሐዋሳ፣ ቱላ
ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዮፍታሄ፣ አሶሳ

ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ? የአሶሳ ወባ እንዳያገኝህ አጎበርህን አትርሳ። እናትህ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ እንዳልልህ፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንት አለፈኝ። እኔ እየነገርኳት የምትጽፈው እህትህ ሃሴት ናት። እጄን ሚስማር ወግቶኝ ነው፣ አታስብ።

በየካቲት ለመምህርት ኤልሳቤጥ መዋዕለ ሕፃናት የቀርከሃ ዳስ ሠርቼ ነበር። አርባ ሕፃን ከሥሩ ፊደል ይቆጥራል። ሲመረቅ ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ፤ አንተ ባለመኖርህ ግን ከፍቶኝ ነበር።

ባለፈው ሰኞ መምህርቷ ደወለች። ለመስከረም ስታጸዳ ጠረጴዛዎቹ ላይ ነጭ ዱቄት አገኘች፤ ጠርጋው በማግስቱ ደግሞ ወርዶ ጠበቃት። «ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ምን ይሆን?» አለችኝ።

«አቧራ ነው» አልኳት።

በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ፣ ልጄ። ቀርከሃ ዱቄት ካወረደ ነቀዝ ከውስጥ እየበላው መሆኑን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ነቀዝ የሚወደው ደግሞ ለጋውን ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ለቤት አይሆንም እያልኩ ያሳደግኩህ ሰውዬ ለጋ ቆርጬ ሕፃናት ላይ አቆምኩ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይሏል እኔን ነው።

ትናንት ሄጄ አግዳሚውን መታ መታ አደረግኩት፤ ድምፁ ባዶ ነው። አሁን ዝናብ በመጣ ቁጥር ስልኩ የሚጮኸው ዳሱ ወደቀ ሊሉኝ ይመስለኛል።

አንተ እያለህ በየክረምቱ ጓሯችን የበቀለው ቀርከሃ ላይ ዓመተ ምሕረቱን በቀለም ትጽፍበት ነበር። እኔ ደግሞ «የቀርከሃ ዕድሜ በዓይን እንጂ በቀለም አይታወቅም» ብዬ በሰው ፊት ሳቅሁብህ። አኩርፈህ ከሄድክ ሁለት ክረምት ሆነ። ዛሬ ሃሴትን ወደ ጓሮ ይዣት ወጣሁ። አንተ የጻፍክባቸው፣ የደረሱት ሠላሳ አንዱም እንደቆሙ ናቸው አለችኝ። የቆረጥኩት ምንም ያልተጻፈበትን ነው። እንዴት አላየሃቸውም ብለህ አትጠይቀኝ።

ነገ ጠዋት ሄጄ ለመምህርቷ እውነቱን እነግራታለሁ። ስሜ ይበላሽ፣ ሕፃናቱ ከሥሩ አይቀመጡ። በክረምት አይቆረጥምና ጥቅምት ላይ ናልኝ፤ ሠላሳ አንዱን ቆርጠን ዳሱን አብረን እናቆመዋለን። በሳቅሁብህም ይቅር በለኝ።

አንድ ነገር ብቻ። የዘንድሮውን ቡቃያ ስትጽፍበት ቀለሙ ይቅር። በቢላ ጫር ጫር አድርግልኝ፣ በጣቴ እንዳገኘው።

በወጣህበት መንገድ እግዚአብሔር በሰላም ይመልስህ።

አባትህ ወልደጻድቅ