ያላዩትን ያልመሰከሩት የአቶ ሀብቱ ክንዴ የሕይወት ታሪክ

በእህታቸው በወይዘሮ እናትነሽ ክንዴ ልጅ ተጽፎ፣ ዓርብ የካቲት 17 ቀን 1959 ዓ.ም. በቀብራቸው ላይ የተነበበ

አቶ ሀብቱ ክንዴ ከአባታቸው ከአቶ ክንዴ ውብአየሁና ከእናታቸው ከወይዘሮ እህተማርያም አስረስ፣ በ1893 ዓ.ም. ከእንጅባራ አለፍ ብሎ በጥርባ ሐይቅ አፋፍ ላይ ባለው መንደራችን ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ በአርባ ቀናቸው ዛሬ አስከሬናቸው ባረፈበት በዚሁ ደብር ክርስትና ተነሥተው ወልደ ሚካኤል ተባሉ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከደብሩ መምህር ዘንድ ገብተው ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ፣ ወንጌልም አነበቡ። አባታቸው ድቁና ሊያስቀብሏቸው አስበው ነበር። ምን ይሆናል፣ ድምፃቸው ለዜማ የሚሆን አልነበረም። የኔታም እግዚአብሔር አንደበትህን ለሌላ ነገር ነው የሰጠህ ብለው እንዳሰናበቷቸው ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር። እናታቸው አማርኛ ስለማይሰሙ፣ ሰንበት ሰንበት ከቅዳሴ መልስ የተነበበውን ወንጌል በአገውኛ ይነግሯቸው ነበር። ሰው የተናገረውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማድረስን የለመዱት ያን ጊዜ ነው።

በ1917 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማናለብሽ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው አቶ ውብአየሁን፣ ወይዘሮ ስሜነሽንና ወይዘሮ በቀለችን ወልደዋል። ኑሯቸው በእርሻ ነበር፤ ገብስና ድንች ያመርታሉ፣ በበጋ ቀርቀሃ እየሰነጠቁ አጥር ያጥራሉ። የእሳቸውን አጥር ጅብ አይደፍረውም ይባል ነበር። በጠላት ወረራ ዘመን ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብተው ነበር፤ ስለዚያ ሲጠየቁ ግን የሚያወሩት ስለ ርኃቡ እንጂ ስለ ጀብዱ አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ አገር ሽማግሌ አድርጎ መረጣቸው። በአገውኛም በአማርኛም ነገር ይሰማሉ፤ ከሳሽ ብቻውን ቤታቸው ከመጣ የቀረበለትን በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል እንጂ ነገሩን አይነግራቸውም። ተከሳሹ በሌለበት የሰማሁት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ይሻግታል ይሉ ነበር። በዚህ የተቀየማቸው ዘመድ ብዙ ነው፤ እናቴም አንዷ ነበረች። ከአዘና ድረስ እየመጡ የሚወስዷቸው ሰዎች ግን በፍርዳቸው ተከፍተው የተመለሱበትን ጊዜ አላስታውስም።

እስከዚህ ያነበብሁት ሁሉንም ያስደስታል። ትናንት ለቅሶ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ጠርተውኝ፣ የፈረሱን ነገር ዝለለው፣ ድንጋይ አይነከስ ሙት አይወቀስ፣ በቀብር ላይ ያለፈ ነገር አይቆፈርም ብለውኛል። እንኳን ሽማግሌ ልጅም ቢመክረኝ እሰማለሁ፤ ይህን ግን አልሰማም። በሕይወታቸው ሳሉ ሌባ የተባሉት በአደባባይ ነው፤ ስማቸው በጓሮ በር ሊገባ አይችልም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምንለውስ ለምንድን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ 1949 ዓ.ም. ግራዝማች አየነው ከአዘና ገበያ ሲመለሱ በመንደራችን ዘመዶቻቸው ቤት ገቡ። አገር የሚያውቀውን ጥቁር ፈረሳቸውን ከነኮርቻው፣ በብር ካጌጠው ልጓሙ ጋር፣ ደጅ ካለው መስክ ላይ አሰሩት። ያን ቀን ጉሙ እጅን ዘርግቶ የማያሳይ ነበር። ምሳ በልተው ሲወጡ ፈረሱ የለም።

አውጫጭኝ ተጠራ። ልጆች ለማታውቁት፣ አውጫጭኝ ማለት አንድ ነገር ሲጠፋ የአገሩ ወንድ ሁሉ ከአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪወጣ ወደ ሥራው ሳይመለስ፣ በየተራ እየማለ የጠረጠረውን የሚናገርበት ሥርዓት ነው። ብዙ ሌባ አውጥቷል፤ አልክድም። ያን ጊዜ ግን የአረም ወቅት ነበር። ዝናቡ ከላይ ይወርዳል፣ ገብሱ በአረም እየተዋጠ ነው፣ ሰው ሁሉ እርጥብ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ይቆጣል። ቀን በጨመረ ቁጥር ጥያቄው ፈረሱን ማን ወሰደው መሆኑ ቀርቶ፣ ማንን ብንል ወደ ቤታችን እንሄዳለን ሆነ።

የሁሉም አፍ ወደ አስማረ ዞረ። አስማረ ያኔ መሬት የሌለው፣ በሰው ማሳ እየሠራ የሚያድር ጎልማሳ ነበር፤ ያን ቀን በዚያ መንገድ ሲያልፍ ታይቷል። ሌላ ማስረጃ የለም። ድሃ ነው፣ አለፈ፣ በቃ። አንዱ ምሎ ጠረጠርሁት አለ፣ ሁለተኛውም ማለ፤ ተራው አቶ ሀብቱ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው የሚሉት ይጸናል፤ የሁላችንም ተስፋ እሳቸው ላይ ነበር።

አቶ ሀብቱ ተነሥተው አልምልም አሉ። ጌታ ከቶ አትማሉ ብሏል፤ ሰው ሲሰርቅ አላየሁም፤ ያላየሁትንም ጠረጠርሁ ብዬ የሰው ልጅ አንገት ላይ ገመድ አላስገባም አሉ። ምለው የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ቀጥሎ ግን አንድ ሰው፣ ስሙን እዚህ አላነሣም፣ የማይምል ሰው የሚፈራው ነገር ቢኖረው ነው ብሎ ጮኸ። ሌላው ደግሞ ባለፈው ዓመት ፈረሱን ሽጡልኝ ብለው ግራዝማችን መጠየቃቸውን አነሣ። እውነት ነው፤ ጠይቀው ነበር፤ ፈረስ የማይወድ አገው የት አለ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነገሩ ከአስማረ ወርዶ በእሳቸው ላይ ተደፋ። ሰውም ቶሎ ብሎ ተስማማና ወደ አረሙ ሄደ።

በፈረሱ ምትክ በቅሏቸውን ለግራዝማች ሰጡ። እሱስ ይሁን፣ ከብት ይተካል። ከዚያ ወዲያ ግን ለሽምግልና የጠራቸው የለም። ወይዘሮ ስሜነሽን ለልጃቸው ያጩ ቤተሰቦች የሌባ ልጅ አናገባም ብለው ላኩባቸው፤ ልጅቱም ማንም ወደማያውቃት ወደ ጫግኒ ተዳረች። ከሁሉ የከፋው የሚካኤል ማኅበር ነው። በወር በወሩ በአሥራ ሁለት አብረን የምንጠጣው ጽዋ አለፋቸው። አባታቸው ከመሠረቱት ማኅበር ወጡ። እሳቸው ግን በየወሩ በሚካኤል ዕለት ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው ከደጃቸው ይቀመጡ ነበር፤ ምናልባት የሚጠራኝ ይመጣል ብለው። የመጣ የለም።

ከዚህም ይበልጥ ያቆሰላቸው ግን አስማረ ነበር። ለእሱ ሲሉ ስማቸውን ያጡለት ሰው አንድ ቀን እንኳ በራቸውን አልረገጠም። በየበጋው ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ በደጃቸው ሲያልፍ ያዩታል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰላምታ ሳይሰጥ ወደ ሐይቁ ገደል ይወርዳል። ማር ቆራጭ ሆነ አሉ ሰዎች። አቶ ሀብቱም ማሩ ጣፍጦት ረሳኝ አሉ። በሰው ላይ ክፉ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በጥር 1956 ዓ.ም. እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አስማረ የብር ጌጥ ያለውን ልጓምና የበሰበሰ ኮርቻ ተሸክሞ ከዚህ ደጀ ሰላም አወረደ። የፈረሱ አጥንት ከጥርባ ገደል ሥር፣ ከጥሻ ውስጥ ተገኘ። ለካ ፈረሱ እስሩን በጥሶ በጉሙ ውስጥ ከአፋፉ ወድቆ ኖሯል! ሌባ የሚባል ነገር ከመጀመሪያው አልነበረም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ጠራ፤ እኛ ግን ፊታችንን አልታጠብንበትም።

ግራዝማች በቅሎዋን መለሱ፤ በሰው እጅ ላኩ እንጂ ራሳቸው አልመጡም። ማኅበርተኞቹ ድንጋይ ተሸክመን ሄደን እግራቸው ላይ እንወድቃለን ብለው ቆረጡ። ከአጨዳ በኋላ አሉ። ከፋሲካ በኋላ አሉ። ግራዝማችን አሟቸዋል፣ ያለ እሳቸው አይሆንም አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ነገ ዛሬ ሲሉ ቆይተው፣ ጾም ሳይገባ ለፊታችን እሑድ ቀጥረው ነበር። የፊታችን እሑድ ማለት ከነገ ወዲያ ነው።

አቶ ሀብቱም በበኩላቸው ተሳሳቱ። ይህን የምጽፈው እሳቸው ጻፍ ስላሉኝ ነው። አስማረ ልጓሙን ባወጣ ሰሞን ወደ ቤታቸው መጥቶ ደጅ ቆመ። እሳቸው ግን፣ ፈረሱ የት እንዳለ እያወቀ ራሱን ለማዳን ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አለ ብለው ፈርደውበት ነበርና፣ አታስገቡት አሉ። ለሌላው ሲሆን ሁለት ወገን ሳይሰሙ የማይፈርዱት ሰው፣ ለራሳቸው ሲሆን አንዱንም ሳይሰሙ ፈረዱ። አስማረም ከደጅ ተመለሰ።

በያዝነው ዓመት በታኅሣሥ ሆዳቸው ማበጥ ጀመረ። ዳንግላ ሐኪም ዘንድ ተወስደው፣ መድኃኒት ተሰጥቷቸው፣ ጠበልም ተጠምቀው ነበር፤ ግን አልተሻላቸውም። በጥር ወር የአስማረ ባለቤት ወርቅነሽ ልትጠይቃቸው መጣች። ባሏ አላወቀም፤ በራሷ ነው የመጣች። እውነቱን ለወይዘሮ ማናለብሽ ስትነግራቸው አቶ ሀብቱ ከመደብ ላይ ሆነው ሰሙ።

አስማረ ማር ቆርጦ አያውቅም። ያን ቀን በዚያ መንገድ ሲያልፍ ፈረስ የሚነዳ ሰው እንዳላጋጠመው እሱ ራሱ ያውቃል፤ እንግዲያው ገደል ገብቶ ይሆናል ብሎ፣ ጥሻው በሚደርቅበት በየበጋው በገመድ እየወረደ ሲፈልግ ኖረ። አንድ ጊዜ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል፤ አሁንም የሚያነክሰው በዚያ ነው። በሰው ፊት ቢናገር ራሱን ሊያነጻ ነው ይሉታል ብሎ ደበቀ። ደጃቸውን ያልረገጠውም ፈረሱን ሳላገኝ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ ብሎ ነው። ባገኘም ጊዜ ደጅ ቆሞ ተመለሰ፤ ማታውን ግን እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ነበር አለች።

አቶ ሀብቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ሆዳቸው ሕመም ሲያወሩ አልሰማሁም። አስማረን ጥሩልኝ አሉ፤ እህል ጭኖ ጫግኒ ወርዷል ተባለ። መልእክተኛ ላክን፤ መልእክተኛው ጫግኒ ሲገባ አስማረ በሌላ መንገድ ወጥቶ ኖሯል። በየቀኑ መጣ ወይ ይሉ ነበር። የንስሐ አባታቸው የቀረ ነገር አለ ብለው ቢጠይቋቸው፣ አገሩ የፈረደብኝ በአረም ወቅት ተጨንቆ፣ በብዙ ሰው ግፊት ነው፤ እኔ ግን በቤቴ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስቸኩለኝ፣ በአንድ ንጹሕ ሰው ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ፈረድሁ፤ የእኔ ከእነሱ ይብሳል አሉ። እኔንም ጠርተው፣ እሱ ሳይመጣ ከሞትሁ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ ስሜን ስታነሣ ይህንም አንሣ፣ አታሳምርልኝ አሉኝ።

አቶ ሀብቱ ክንዴ ሐሙስ የካቲት 16 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማናለብሽ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ እህታቸው ወይዘሮ እናትነሽና የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ቀርተዋል። ሩቅም ቅርብም ሆናችሁ ለቀብራቸው ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ እግዚአብሔር ይስጥልን ይላል። የማኅበሩም ሰዎች ሙሉ በሙሉ መጥታችኋል።

ሰው ፊት ያያል፤ እግዚአብሔር ግን ልብ ያያል። ያ ልብን የሚያይ ጌታ፣ እኛ እሳቸውን በመዘንበት ሚዛን ሳይሆን በራሱ ቸርነት ይቀበላቸው፤ ወልደ ሚካኤል ብሎ በክርስትና ስማቸው ይጥራቸው፤ ነፍሳቸውንም ከወዳጆቹ ከጻድቃን ጎን ያሳርፍልን።

አስማረ፣ ዛሬ ጧት እንደደረስህ ሰምቻለሁ፤ ከአጥሩ ጥግ ቆመህም አይቼሃለሁ። አጎቴ አቶ ሀብቱ ሳልሰማህ ፈርጄብሃለሁና ይቅር በለኝ ብለውሃል። አደራዬን አድርሻለሁ። አፈር ሳይለብሱ፣ ካህናቱም ፍትሐቱን ሳይጨርሱ፣ ወደዚህ ቀረብ ብለህ ይቅር ለእግዚአብሔር በላቸው። ሕዝቡ መንገድ ይልቀቅለት።

እኛም የምንጠይቀው ይቅርታ ነበረን። ምን እንደሚመልሱልን፣ ለሚያውቃቸው አይጠፋውም፤ ከአፋቸው ግን አልሰማነውም። አንተ እሳቸውን ይቅር ልትል ትችላለህ፤ እኛን ይቅር የሚሉን ግን እዚህ ተገንዘው ተኝተዋል።