«ፍሬን፦ ደህና» ያልክበት ወረቀት

ውድ ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ የምልክልህ በጓደኛህ በጎሚስታው በኩል ነው። አድራሻህን እንዲሰጠኝ ሦስት ጊዜ ለምኜው «አደራ አለብኝ፤ ደብዳቤ ከሆነ ግን አደርሳለሁ» አለኝ፤ እንዳትቆጣው። ስልክህን ስላላነሳህ ልወቅስህም አይደለም የምጽፈው። የሆነውን ከሌላ ሰው አፍ ተጣሞ ከምትሰማው ከእኔው ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። የመኪና መሸጫውን ባለቤት ከስሼዋለሁ። ስምህም ተነስቷል። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

መኪናዋን የገዛሁበትን ቀን አትረሳውም። የሁለት ትምህርት ቤቶች ደንብ ልብስ ልሰፋ ተዋውዬ፣ ጥቅሉን በታክሲ ማመላለስ አንገሽግሾኝ ነበር። እማዬም ለጉልበቷ በሳምንት ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ትሄዳለች። አንተ መካኒክ ሆነህ የምትሠራበት ግቢ ስመጣ እንደ ሌላው ገዢ ኮፈን አስከፍቼ አላየሁም። አንተን አየሁ፣ በቃኝ። ባለቤቱ፣ ማስረጃ በተጠየቀ ቁጥር ደረቱን እየመታ «ዋስትናው እኔ ነኝ!» ስለሚል ሰፈሩ ሁሉ «ዋስትናው» የሚለው ሰውዬ፣ «የመካኒኬ እህት ናት፤ ለእሷ ክፉ መኪና ሰጥቼ የት ልገባ?» አለ። አንተ እጅህን በጨርቅ እየጠረግክ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። የደከመህ መሰለኝ። የፍተሻው ቅጽ ላይ «ፍሬን፦ ደህና» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማህ አለ። ያንን ፊርማ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያወጣሁትን ዜሮ አባዬ እንዳያይ ደብተሬ ላይ አንተ አልነበርክ የምትፈርምልኝ? ስቄ ቁልፉን ተቀበልኩ።

ሃያ ሦስት ቀን ነዳኋት። በሃያ አራተኛው ጠዋት እማዬን ከሐኪም ቤት ይዤ ስመለስ፣ ከውሃ ማማው ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ፍሬን ስይዝ እግሬ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ባዶ ነው። ታች መብራቱ ቀይ ሆኖ ሰው ይሻገራል።

«እማዬ፣ አጥብቀሽ ያዢ!»

«ምኑን ልያዝ?» አለችኝ ከኋላ፣ ከደንብ ልብሱ ጥቅል መሃል።

ማርሽ ቀነስኩ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት፤ መኪናዋ ጮኸች እንጂ አልቆመችም። በስተቀኝ ለግንባታ የተደፋ አሸዋ አየሁና መሪውን ወደዚያ ጠመዘዝኩት። አሸዋው ዋጠን። ጥቅሉ ባይደግፋት እማዬ ዛሬ አትኖርም ነበር፤ የእጅ አንጓዋ ብቻ ተሰበረ።

ዋስትናው ጋ ስደውል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «‹ባለበት ሁኔታ ተሽጧል› የሚለውን አንብበሽ ፈርመሻል። አሮጌ መኪና እንደ አሮጌ ሰው ነው፤ ዛሬ ጉልበቱን፣ ነገ ወገቡን ያመዋል።»

«ታዲያ ደረትዎን ለምን መቱ?»

«የፈረመው ወንድምሽ ነው። እዚያው እርስ በርሳችሁ ተጨራረሱ» ብሎ ዘጋው።

ያን ዕለት አንተ ጋ ደጋግሜ ብደውል ስልክህን አላነሳህም። በማግስቱ ሥራ ለቀህ ከተማውን ጥለህ መሄድህን ሰማሁ።

እማዬ እጇን በጀሶ አስራ ለመነችኝ። «ተይው ልጄ፤ ዝም አይነቅዝም። የእናትሽን ልጅ ቢሮ ለቢሮ አታዙሪው፤ እጄ ይድናል።» እውነቱን ልንገርህ፣ አራት ቀን ሰማኋት። ቅጹን የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ኮሌታና ኪስ ስገጥም ሰነበትኩ። በአምስተኛው ቀን በአውቶቡስ በግቢው በኩል ሳልፍ፣ ዋስትናው ሕፃን ባቀፉ ባልና ሚስት ፊት ደረቱን ሲመታ አየሁት። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረድኩና ቀጥታ ወደ ሸማቾች ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ።

ቢሮው ከአንድ ፋርማሲ በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ጉዳዬን የያዘችው ሴትዮ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ካቀረቀረችበት ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«መኪናዋን አሠርተሻታል?»

«ኧረ ምኑን ይዤ!»

«ጎሽ። እንዳትነኪያት። መጀመሪያ ሻጩንም አንቺንም የማያውቅ ባለሙያ ይያት። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ሰውዬውን በስልክ እንዳታነጋግሪው፤ በጽሑፍ ብቻ።»

«ባለበት ሁኔታ ብዬ ፈርሜያለሁ እኮ።»

ያኔ ቀና አለች። «የተቀደደ ወንበር፣ የተጋጨ በር፣ እሱን አይተሽ ገዝተሻል፤ ያንቺ ነው። ሻጩ እያወቀ የደበቀውን ግን ‹ባለበት› አይሸፍነውም። ርካሽ መኪና ገዛሽ እንጂ ሞት አልገዛሽም።»

ከሙያ ትምህርት ቤት የመጣው አስተማሪ ከመኪናዋ ሥር ተንጋሎ ገብቶ የፍሬኑ ቱቦ የተቀባውን ጥቁር ቀለም በመፍቻ ጫረው። ዝገቱ እንደ በርበሬ ደረቱ ላይ ተበተነ። «ዝገቱ የዓመታት ነው፤ ቀለሙ ግን የወር» አለ። ይህንንም በጽሑፍ ሰጠኝ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ዋስትናው ክራቫት አስሮ መጣ። «እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ስለ ፍሬን ምን አውቃለሁ? የፈተሸው ወንድሟ ነው» አለ። ሴትዮዋ ቅጹን ወደ እኔ ገፋችው። «የወንድምሽ ፊርማ ነው?» እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ በደህና እጇ ቀሚሴን ጎተተችኝ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። «የእሱ ነው» አልኩ። «እያወቀ ነው የፈረመው?» «እሱን አላውቅም። ግን ያን ቀን ዓይኔን አላየኝም።» ወንድሜ፣ አሳልፌ የሰጠሁህ በዚህች ቃል ነው። ብትቀየመኝም አልመልሳትም።

ቢሮው የጋራዡ የሥራ መዝገብ እንዲቀርብ አዘዘ። የዋስትናው ጸሐፊ እንዳለ ይዛው መጣች፤ ሰውዬው ገልጦ ያየው እንኳ አይመስለኝም። ከሽያጩ ዘጠኝ ቀን በፊት ባለው ገጽ ላይ ያንተ ጽሕፈት አለ፦ «የፍሬን ቱቦ ተበልቷል። ሳይቀየር እንዳይሸጥ።» ከሥሩ በቀይ፣ በሌላ እጅ፦ «ቀለም ይቀባ።»

እዚያው አለቀስኩ። እውነቱን ጽፈህ ነበር! በጻፍክበት እጅህ ግን ውሸቱንም ፈርመህ ቁልፉን ሰጠኸኝ። እንጀራህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን «እህቴ፣ ይቺን ተያት» ማለት ስንት ቃል ነው? በዓይንህ ብትጠቅሰኝ እንኳ ይበቃኝ ነበር። በደስታና በንዴት መሃል ሆኜ ነው ያለቀስኩት፤ ዛሬም ከዚያው አልወጣሁም።

ተፈረደልኝ። መኪናዋን ወሰደ፣ ገንዘቤን መለሰ፣ የእማዬን ሕክምናም ከፈለ። እዚህ ላይ ጉዳዩ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍኩልህ። ሴትዮዋ መዝገቡን ስታገላብጥ አሥራ አንድ ሌሎች መኪናዎች ላይ ያችው ቀይ «ቀለም ይቀባ» ተገኘች። የሰባቱ ባለቤቶች ተፈልገው መኪናቸውን አቁመዋል። የአራቱ ስም ግን መዝገቡ ላይ የለም። አሁን ይህን ስታነብ፣ የሆነ ቁልቁለት ላይ እየነዷቸው ይሆናል። ለማን እንደተሸጡ የምታስታውሰውን ሁሉ ዛሬውኑ ለጎሚስታው ደውለህ ንገረው። ቀጠሮውን አትጠብቅ።

የእነዚህ መኪናዎች ጉዳይ የሚታይበት ቀጠሮ ደግሞ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ዋስትናው «የመዝገቡን ጽሕፈት አላውቀውም» ሊል ተዘጋጅቷል። «ጽሕፈቱ የኔ ነው፣ ቀዩ የእሱ ነው» ብሎ የሚመሰክር ካንተ ሌላ ሰው የለም። አንተም መጠየቅህ አይቀርም፤ አላባብልህም። ስለ አንተ ብጠየቅ የማውቀውን እናገራለሁ፤ አንዲት ቃል አልቀንስልህም። ግን አጠገብህ ተቀምጬ ነው የምናገረው።

እማዬስ ምን አለች ትለኝ ይሆናል። ሁሉንም አነበብኩላት። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለችኝ፦ «እጄ ድኗል። ትራስህም ከቦታው አልተነሳም። ስትመጣ ግን መጀመሪያ እኔን ልትስም አትምጣ፤ መጀመሪያ እዚያ ሂድና ተናገር፣ ከዚያ ቤትህ ግባ።»

መጣህም ቀረህም እኔ እዚያ ነኝ።

አንተን መውደድም እውነት መናገርም ያልተወችው
እህትህ