ከኋላ ወንበር ለሰላማዊት

ውድ ሰላማዊት፣

እንደምን ከረምሽ? ከጥምቀት ወዲህ የእኔን ስልክ አታነሺም። ሐዋሳ አብሮሽ የሚማረው ደምሴ ለቤተሰብ ጉዳይ መጥቶ ነበርና ነገ ሲመለስ ይህን ያደርስልኛል።

ትናንት እናትሽ እትዬ ውዴ እኔ ወደምሠራበት የዘቢባ ጨርቅ ቤት መጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ «ብርቱካንዬ፣ ውጤቷ ዝቅ ብሎ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት አሉ። ለፋሲካም አልመጣም አለችኝ። እስኪ አንቺ አናግሪያት» አሉኝ። ክው አልኩ። አንቺን ከውጤት ማነስ ጋር አስቤሽ አላውቅም።

ስንማር አንቺ የአንድ ለአምስታችን መሪ ነበርሽ፤ እኔ ከኋላ ወንበር። ሒሳብ አስረድተሽኝ «ገባሽ?» ስትዪኝ «ገባኝ» እልሽ ነበር። አልገባኝም። ደግሜ ብጠይቅሽ የምትንቂኝ ይመስለኛላ! አንቺ እጅሽን ስታወጪ የመምህር አዳነ ፊት ይበራል፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው አልፎኝ ይሄዳል። «የእሷ ጭንቅላት ከምን ተሠራ?» እል ነበር ለራሴ። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው። ግን ከቅናቱ ናፍቆቱ ይብስ ነበር። አጠገቤ ተቀምጠሽ ስታስረጂኝ እንኳ ትናፍቂኝ ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ አንቺ አለፍሽ፣ እኔ ወደቅሁ። መናኸሪያ ስሸኝሽ ግን ያለቀስሽው አንቺ ነሽ።

«ምን ሆነሽ ነው?» ብልሽ፣

«እዚያ የሚመጣው ሁሉ አንደኛ የወጣ ነው። እኔ ስንተኛ ልሆን ነው?» አልሽኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

አሁን ነው የገባኝ። አገርሽ መግባት ለምን እንደከበደሽም አውቃለሁ። እኔም ያን ሰሞን በዋናው መንገድ አልሄድም ነበር፤ ያየኝ ሁሉ ነጥቤን ግንባሬ ላይ የሚያነብ ይመስለኝ ነበር። ማንም አያነብም፣ ሰላምዬ። ሰው የራሱ ጣጣ ሞልቶታል። ይህን እስካውቅ ዓመት ፈጀብኝ፤ አንቺ ያን ያህል አትቆዪ።

ዘንድሮ በግል ልፈተን ተመዝግቤያለሁ። ዘቢባ ከሰዓት በኋላ ትለቀኛለች። ሒሳብ ዛሬም ያስፈራኛል፤ ብቻ ያልገባኝን «አልገባኝም» ማለት ለምጃለሁ።

ነይ። ወንዛዬ ወርደን እግራችንን ፍል ውኃው ውስጥ ነክረን እንቀመጣለን። ስለ ትምህርት ማውራት ካላሰኘሽ አናወራም።

ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ መናኸሪያ ነኝ፤ ከባሕር ዳር የሚገባውን ሚኒባስ ሁሉ አያለሁ። ሐሙስ ካልመጣሽ አርብ ከስግደት መልስ። አርብም ካልመጣሽ ቅዳሜ።

የምትናፍቅሽ
ብርቱካን
ደብረ ታቦር